ልጁን ከቋሚ አሰላለፍ አወጣሁት፣ ሰፈሩ ደግሞ እኔን አወጣኝ

የደረሰን ደብዳቤ፦

«ሰላም ለእናንተ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። የወንዶቹን የእግር ኳስ ቡድን ማሰልጠን ከጀመርኩ ይኼ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ተጨማሪ ክፍያ የለውም፣ ስለምወደው ነው የምሠራው። ልምምዳችን ጠዋት ከክፍል በፊት ነው። ደንቤ አንድ ነው፦ ልምምድ የቀረ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም።

ችግሩ የጀመረው ዋናው አጥቂዬ በተከታታይ ሁለት ልምምድ ሲቀር ነው። አባቱ ለቡድኑ ብዙ ያደረገ ሰው ነው። ማሊያ የገዛልን እሱ ነው፣ ከሜዳችን ውጪ ስንጫወትም ልጆቹን በመኪናው ያመላልሳል። እኔ ግን ደንብ ደንብ ነው ብዬ ልጁን አስቀመጥኩት፣ በእሱ ቦታ የ9ኛ ክፍል ልጅ አስገባሁ። ተሸነፍን። አባትየው ጨዋታው እንዳለቀ ሜዳ ገብቶ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «ማሊያውን የገዛው ማነው?» አለኝ። በረኛውም በዚያው ሰሞን ቀርቶ እንደነበር እያነሳ ጮኸብኝ። እውነት ነው፣ ቀርቷል፤ ግን ሌላ በረኛ ስለሌለኝ አሰልፌዋለሁ፣ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ወላጆቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ስለ እኔ ነው የሚያወሩት። የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ጎል የሳተበትን ቪዲዮ ለጥፈው ሲስቁም ነበር አሉ። ድሮ አቁመው ሰላም የሚሉኝ ሰዎች አሁን ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አጥቂው ልምምድ ይመጣል፣ ግን አያናግረኝም። በክለብም ስለሚጫወት ልቡ አብጧል መሰለኝ። እጮህባቸዋለሁ፣ አልክድም፣ ግን ለጥቅማቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ «በሰላም ጨርሱት» ብሎ ከመሃል ወጣ። ልጁን መልሼ ላሰልፈው ወይስ አሰልጣኝነቱን ልተው? — መሃል ሜዳ የቀረው አሰልጣኝ»

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት። አባትየው አለ፣ ርዕሰ መምህሩ አለ፣ ግሩፑ አለ፣ ፊት የሚያዞሩት የሰፈር ሰዎች አሉ። ሦስት ልጆችም አሉ፤ አጥቂው፣ በረኛውና የ9ኛ ክፍሉ። ትልልቆቹ ያሉትንና ያደረጉትን በደንብ ነግረኸኛል። ልጆቹን ግን በአንድ አንድ መስመር አልፈሃቸዋል። እኔ ከልጆቹ ነው የምጀምረው። አባትየው ትንሽ ይጠብቅ።

መጀመሪያ የ9ኛ ክፍሉ። «ሲስቁም ነበር አሉ» ብለህ ያለፍካት ነገር እኔን አላሳለፈችኝም። ልጆች ያሏቸው ትልልቅ ሰዎች የሌላ ሰው ልጅ ሲሳሳት የሚያሳይ ቪዲዮ ለጥፈው ሳቁ፤ ቪዲዮው ደግሞ ከግሩፑ ወጥቶ እሱ ክፍል ለመድረስ አንድ ቀንም አይፈጅበትም፣ ምናልባትም እስካሁን ደርሷል። ይኼ ከአሰላለፍም ከማሊያም የሚያገናኘው ነገር የለም። ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግባና «የተማሪያችን ቪዲዮ እየተዘዋወረ ነው፣ እንዲነሳ ትምህርት ቤቱ በራሱ ስም ይጠይቅ» በለው። ከነገሩ ጦም እደሩ ማለት ለአንተና ለአባትየው ጠብ ይሠራ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሠራም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ስለራስህ የተባለውን አታንሳ። ምንም ቢጻፍብህ አታንሳ። ሁለቱን ካደባለቅክ «ራሱን ለማዳን ልጁን መሸሸጊያ አደረገው» ይባላል፣ ደግሞም እውነትነት አያጣም።

ከዚያ ልጁን ለብቻው አግኘው። ንግግር አታብዛ። «ያስገባሁህ እኔ ነኝ፣ ሽንፈቱም የኔ ነው» በለው። ቀጥለህ መቼ እንደሚጫወት ንገረው። ዋናው ይኼ ሁለተኛው ነው። «አይዞህ፣ ጎበዝ ነህ» ብለኸው ከዚያ ወር ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ካስቀመጥከው፣ የሳቁበት ሰዎች ልክ ነበሩ ብለህ እንደፈረምክ ነው የሚቆጥረው። በሚቀጥለው ጨዋታ አሥራ አምስት ደቂቃም ቢሆን ስጠው። ወላጆቹንም ደውልላቸው፣ ከሰው ከሚሰሙት ካንተ ይስሙት። እነሱም እኮ ግሩፑ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ዝም ብለው እያነበቡ።

አሁን ወደ በረኛው። ይኼኛው ይጎመዝዝሃል።

አባትየው ልክ ነው። አነጋገሩ ልክ አልነበረም፣ ቦታው ልክ አልነበረም፣ ልጆች ፊት መጮሁ ደግሞ ያሳፍራል። የተናገረው ነገር ግን እውነት ነው፣ አንተም በራስህ እጅ ጽፈኸዋል። ደንቡ አጥቂው ላይ ሠራ፣ በረኛው ላይ አልሠራም። ስለዚህ ቡድንህ ውስጥ ያለው ደንብ «የቀረ አይሰለፍም» የሚለው ሳይሆን «ምትክ ያለው ከቀረ አይሰለፍም» የሚለው ነው። ልጆቹ ይኼንን አባትየው ሳይናገረው በፊትም ያውቁታል። ማን ሲቀር ምን እንደተደረገ፣ ማን ላይ እንደጮህክ፣ ማንን በዝምታ እንዳለፍከው አንድ በአንድ ይዘውታል። ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ሌላ የሚሠሩት ስለሌለ ከሁሉም በላይ አጥርተው ያያሉ። በየቀኑ መጥተው፣ አንድም ቀን ሳይቀሩ፣ ግን ደቂቃ የማያገኙ ልጆች እኮ አሉህ። ስለ እነሱ ደብዳቤህ ላይ አንድም ነገር አልጻፍክም። በረኛው ቀርቶ ሲሰለፍ ያዩት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ቡድኑን ሰብስብ። «ደንቡን ለሁሉም እኩል አልተጠቀምኩበትም። በረኛውን ያሰለፍኩት ሌላ ስላልነበረኝ ነው፣ ይኼ ደግሞ የእኔ ችግር ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው» በላቸው። ክብርህ የሚነካ እንዳይመስልህ። ልጆች ያወቁትን ነገር አሰልጣኙ ሲሸፋፍን ነው የሚንቁት።

ደንቡ ራሱ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ይስተካከል። ቀድሞ የነገረህና ድምፁን አጥፍቶ የቀረ ልጅ አንድ ዓይነት ቅጣት አይቀበሉም። ታሞ የቀረና ፈተና ያለበት ሌላ ነው፣ ተኝቶ ያረፈደ ሌላ ነው። ሳይናገር ለቀረ ልጅ፣ ለምሳሌ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ከመጀመሪያው አይሰለፍም፣ ከእረፍት በኋላ ግን ሊገባ ይችላል ልትል ትችላለህ። ሌላ ዓይነትም ይሆናል፣ ቡድንህን የምታውቀው አንተ ነህ። ደንብ ስታወጣ ግን ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ፦ ይኼንን ነገ በረኛዬ ላይ መፈጸም እችላለሁ? ካልቻልክ አታውጣው።

እግረ መንገዴን፣ ሁለተኛ በረኛ አዘጋጅ። ከተጠባባቂዎቹ መሃል ኳስ የማይፈራ፣ እጁ የሚይዝ አንድ ልጅ አይጠፋም። ከዋናው በረኛ ጋር በየልምምዱ ሃያ ደቂቃ ይሥራ። የአሁኑ በረኛ ጣቱ ቢሰበር ምን ልታደርግ ነበር?

አጥቂው ደግሞ አለ። «ልቡ አብጧል መሰለኝ» ብለሃል። መሰለኝ! ጠይቀኸዋል እንዴ? በደብዳቤህ ላይ እንደጠየቅከው የሚያሳይ ነገር አላየሁም። እስቲ የጻፍከውን አገጣጥመው። ልጁ በክለብ ይጫወታል። ክለቦች ባብዛኛው ተማሪ ከትምህርት ከወጣ በኋላ፣ ወደ ማታ ነው የሚያሠሩት። ያንተ ልምምድ ጠዋት ከክፍል በፊት ነው። ማታ ደክሞት ገብቶ፣ በልቶ፣ የቤት ሥራ ሠርቶ ስንት ሰዓት ይተኛል? ስንት ሰዓትስ ይነሳል? ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙ ታዳጊ ስፖርተኞች የመጎዳት ዕድላቸው በቂ ከሚተኙት 1.7 እጥፍ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። የስፖርት ሐኪሞች የሚጠቅሱት ቀላል መለኪያም አለ፤ አንድ ታዳጊ በሳምንት የሚሠራው የልምምድና የጨዋታ ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ ይላሉ። የ16 ዓመት ልጅ ከሆነ 16 ሰዓት ማለት ነው። በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት፣ ከስፖርቱ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት። ያንተንና የክለቡን ደምረው። እኔ ሳልደምረው እንኳ ሁለቱ አሰልጣኞች አንዱ የሌላውን ፕሮግራም እንደማያውቅ ይገባኛል። የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለታችሁንም ማስቀየም ስለማይፈልግ ዝም ይላል፣ ሰውነቱ እምቢ ሲለው ይቀራል።

ላይሆንም ይችላል። በቃ ሰንፎ ይሆናል፣ ወይም እውነትም ልቡ አብጦ ይሆናል፣ በዚህ ዕድሜ ጎል አግቢ ሲሆኑ ያብጣል። ግን ሳታውቅ አትፍረድ። ስትጠይቀው «ለምን ቀረህ?» አትበለው፣ ያ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ «ይቅርታ ኮች» ብሎህ ይሄዳል። ወረቀትና እስክሪብቶ አቀብለውና «ከሰኞ እስከ እሁድ ያለህን ፕሮግራም ጻፍልኝ፣ የምትተኛበትንም» በለው። ጽፎ ሲጨርስ ምንም ማለት ላያስፈልግህ ይችላል። ከዚያ ከፈቀደልህ የክለቡን አሰልጣኝ ደውልለት። ክለቡ ማታ በሚያሠራበት ማግስት ጠዋት አንተ ጋ ቀለል ያለ ሥራ ይሥራ ወይም ይረፍ። ይኼ ግን ለእሱ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስል፣ ሌላ ቦታ የሚጫወት ማንኛውም ልጅ ፕሮግራሙን ይዞ ይምጣ ብለህ ለሁሉም ንገር። ያለዚያ «የማሊያው ልጅ» የሚል ስም ይወጣለታል፣ ለእሱም አይበጀውም።

እንግዲህ አባትየው። ከጨዋታ በኋላ በጭራሽ አታናግረው። ብዙ አሰልጣኞች የ24 ሰዓት ደንብ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ጨዋታ ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ሳያልፍ ከወላጅ ጋር ስለ ጨዋታው አይወራም። ወላጁም አንተም ትቀዘቅዛላችሁ። አሁን ቀኑ አልፏል፣ አንተ ደውልና ቅጠረው፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በቀን፣ አንድ ሌላ መምህር ባለበት። ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚወራ ወሬ አይሁን።

ስትገናኙ ማሊያውን መጀመሪያ አንተ አንሳው፣ አመስግነው። የምርህን። ሰውየው እኮ ገንዘቡንም ጊዜውንም አውጥቷል፣ የሌሎችን ልጆች ሲያመላልስ የከረመ ሰው ነው፣ ከአንድ መጥፎ ከሰዓት በላይ ዋጋ አለው። ቀጥለህ «በረኛው ላይ ያልከው ትክክል ነው፣ ለልጆቹም ነግሬያቸዋለሁ» በለው። እዚህ ጋ አብዛኛው ንዴት ይበርዳል። ምክንያቱም ለክርክር ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው፣ አንተ ደግሞ የሚከራከርበትን አልሰጠኸውም። ከዚያ በኋላ ነው ያንተን የምትናገረው፦ ልጆች ፊት እንዲያ መናገር አይደገምም፣ ማን እንደሚሰለፍ የምወስነው እኔ ነኝ። ድምፅህን ሳትጨምር። ስለ ልጁ ጤና፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ምን ቢያሻሽል እንደሚያድግ የፈለገውን ያህል አውራው። ስለ ሌሎች ልጆች አታውራ። ስለ አሰላለፍ አታውራ። ስለ ደቂቃ መጠየቅ ያለበት ልጁ ራሱ ነው፣ በራሱ አፍ፤ አባቱ ስለጠየቀለት የሚሰለፍ ልጅ ጓደኞቹ መሃል ምን እንደሚባል አባትየው ራሱ ተማሪ ሆኖ ያውቀዋል።

ማሊያውን በተመለከተ አንድ ነገር ለወደፊቱ ያዝ። ስጦታ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ፣ ትምህርት ቤቱ ይቀበል፣ ደረሰኝ ይቁረጥ። በአሰልጣኝ እጅ አይለፍ። መኪናውንም እንደዚያው። ቡድንህ በአንድ ሰው መኪና ላይ የቆመ ነው፣ ሰውየው ቢቀየም ጨዋታ መሄጃ የላችሁም፤ ይኼ ለአንተ አደገኛ ነው፣ ለእሱም ሸክም ነው። ተራ ይውጣ። መኪና የሌለው ወላጅ ውሃ ያምጣ፣ ማሊያ ይጠብ፣ ውጤት ይመዝግብ። ሰው ሥራ ሲይዝ ወሬው ይቀንሳል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም።

ግሩፑ ውስጥ አትግባ። አስገቡኝ አትበል፣ የተጻፈውን ፎቶ አንስተው ሲልኩልህም አመስግነህ እለፍ። የሚልኩልህ ሰዎች ያንተን መልስ ወስደው ወደዚያ እንደሚመልሱትም አትርሳ። በምትኩ የወላጆች ስብሰባ ይጠራ፣ ጥሪው በትምህርት ቤቱ ስም ይሁን። አጭር ይሁን። አዲሱን ደንብ አንብብላቸው፣ በጽሑፍ ስጣቸው። ተጫዋች የምትመርጥበትን መለኪያ ንገራቸው፤ ልምምድ መገኘት፣ ጥረት፣ ጠባይ፣ ከዚያ ችሎታ፣ ወይም አንተ በምታምንበት ቅደም ተከተል። ችሎታ ከሁሉም ይቀድማል ብለህ የምታምን ከሆነም በግልጽ በል፣ እኔ አልስማማም ግን ቢያንስ ይታወቅ። ወላጅ የሚናደደው ልጁ ሲቀመጥ ብቻ አይደለም፣ ለምን እንደተቀመጠ ሳያውቅ ሲቀር የራሱን ምክንያት ይሠራል፣ እሱ የሚሠራው ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ ይከፋል። ስብሰባው ላይ የሰው ስም አይነሳ። አንድ ሰው አጥቂውን ካነሳ «ስለ አንድ ልጅ ከወላጁ ጋር ብቻ ነው የማወራው» ብለህ ዝጋው።

መንገድ ላይ ፊት ለሚያዞሩብህ ሰዎች ደግሞ ቀድመህ ሰላም በላቸው፣ ሌላ ምንም አታድርግ። ቤት ለቤት እየዞርክ ራስህን አታስረዳ። የሰሙት የአንድ ወገን ነው። ቡድኑ ሲረጋጋ እነሱም ይረጋጋሉ፣ ከመካከላቸው የማይመለስ ካለም አለ፣ ከእሱ ጋር ትኖራለህ።

ስለ ጩኸቱ በአጭሩ። «ለጥቅማቸው ነው» አልክ። ጆን ውደን የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ጊዜ የአገር ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ሁለት ተመራማሪዎች ከ1974 እስከ 75 እ.ኤ.አ. በነበረው የውድድር ዓመት ልምምዱ ላይ ተቀምጠው የሚናገረውን መዘገቡ፣ 2,326 ነገር ቆጠሩ። ሙገሳው ከመቶ 7 አይሞላም፣ ቁጣውም እንዲሁ። አብዛኛው አጭር መመሪያ ነበር፦ ይኼን እንዲህ አድርግ፣ እንዲያ ሳይሆን እንዲህ። አንተም የምትጮኸውን ነገር እስቲ አዳምጠው፤ «ምን ሆነሃል!» መመሪያ አይደለም፣ «ወደ ግራ ሳብ በል» መመሪያ ነው፣ ቢጮህም ችግር የለውም። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ልጆችን ማበረታታትና መምራት የተማሩ የቤዝቦል አሰልጣኞችን ካልተማሩት ጋር አወዳደሩ። ልጆቹ ካንተዎቹ ያነሱ ነበሩ፣ ከ10 እስከ 12 ዓመት። በሚቀጥለው ዓመት ካልተማሩት አሰልጣኞች ልጆች ከመቶ 26ቱ ቀሩ፤ ከተማሩት 5 ብቻ። የማሸነፍ ልዩነት አልነበራቸውም። የቀሩት ስለተሸነፉ አልነበረም።

ወደ ጥያቄህ። ልጁን መልሼ ላሰልፈው ወይ ብለሃል። አዎ፣ ቅጣቱን ጨርሷል እኮ፤ አንድ ጨዋታ ነበር፣ አለቀ። ልምምድ እየመጣ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ከሁሉም ጋር እኩል ይወዳደር፣ ከተገባው ይሰለፍ፣ ካልተገባው ከጨዋታው በፊት ለብቻው ጠርተህ ለምን እንደሆነ ንገረው። አባቱ እንዳይመስለው ብለህ አታስቀምጠው፣ አባቱን ደስ ይበለው ብለህም አታሰልፈው። ከአባቱ ጋር የምትገናኘውም ከልጁ ጋር ካወራህ በኋላ ይሁን፣ በፊት አይሁን።

መልቀቁን በተመለከተ፣ ባትለቅ ደስ ይለኛል፣ ግን በነፃ የምትሠራውን ሥራ ቀጥል ብዬ የማዝህ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ ከርዕሰ መምህሩ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ደንቡን ትምህርት ቤቱ ይፈርምበት፣ ወላጅ ሜዳ ገብቶ ሲጮህ የሚያስወጣው ማን እንደሆነም ይወሰን። ያንን እንኳ እምቢ ካለህና ብቻህን ከሆንክ፣ ልቀቅ፣ ማንም አይፈርድብህም። በውድድር ዓመቱ መሃል ግን አትልቀቅ። እስከ መጨረሻው ጨዋታ ቆይና ለልጆቹ ራስህ ንገራቸው፣ ግሩፑ ላይ ተጽፎ ከማንበባቸው በፊት።